የሞሪሷ ግራ ወንበር

ሙሀመድዘይን የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ የሚመላለስ ጀልባ ሞተሩ ማሳል ሲጀምር የሚጠራው እሱ ነበር። ግቢው ውስጥ ደግሞ ሞሪስ የምትባል አንዲት እንግሊዝ ሠራሽ መኪና ነበረችው። ነበረችው ማለት እንኳ ይከብዳል፤ በግቢው ካለው ማንጎ ሥር አንዲት ገብስማ ዶሮ ነበረች፣ ዶሮዋም ሞሪስ ነበረቻት ቢባል ይቀላል። እንቁላሏን የምትጥለው ኋላ ወንበር ላይ ነው፣ የምትታቀፈውም እዚያው ነው። የመኪናዋ ጎማዎች ተንፍሰው መሬት ይዘዋል፣ አቧራና የማንጎ ሙጫ ተጋግሮባታል። አፍንጫዋ ክብ፣ መብራቶቿ ክብ፣ ጀርባዋ ክብ በመሆኑ ከሩቅ ላያት የተኛች ኤሊ ትመስላለች።

መኪናዋ የአባቱ ናት። አባቱ ሙሀመድየሱፍ በሕይወት ሳሉ ከባሕር ዳር ወረታ፣ ከወረታ ጎንደር ጨርቅና ጨው የሚነግዱ፣ ስማቸው በገበያው ሁሉ የተከበረ ሰው ነበሩ። ሞሪሷን አስመራ ላይ አገሩ ከሚመለስ አንድ እንግሊዝ ገዝተው ነው ያመጧት። ታዲያ የእንግሊዝ ነገር፣ መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። የሰው መኪና ሁሉ መሪው በግራ፣ የሳቸው በቀኝ።

ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በቀኝ የተቀመጠ ነጂ ከፊቱ ከባድ መኪና ከገባበት የሚታየው የከባዱ መኪና ቂጥና አቧራው ብቻ ነው። መንገዱ ነጻ መሆኑን ለማየት መላ መኪናውን ወደ መሀል ማውጣት አለበት፤ አውጥቶ ካየ በኋላ ደግሞ ከፊት የሚመጣ ካለ፣ ያየው ነገር ለወሬ ነጋሪም አይተርፍም። ሙሀመድየሱፍ ግን ከባድ መኪና ሲቀድሙ ወጣ ገባ ብለው፣ አንገታቸውን አስግገው አያውቁም። እንደ ሌላው ነጂ ክላክስ አያንባርቁም። አቧራው ውስጥ ቆይተው ቆይተው፣ ድንገት ሽው ብለው ያልፋሉ፤ ካለፉም በኋላ ሁልጊዜ ከፊታቸው መንገዱ ባዶ ነው።

ወሬውን ያስፋፉት ጎረቤታቸው ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው። ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና መሪ ላይ የፈጁ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው አጥር ለአጥር ወሬ የሚጠርቁ ሰው ናቸው። እንዲህ ነው የሚሉት፦ እኒያ ሰውዬ በከባድ መኪና ውስጥ አሾልከው ያያሉ፤ እኔ ራሴን ስንት ጊዜ አልፈውኛል፣ አንድ ቀን እንኳ መስተዋቴ ላይ ሳላያቸው። ይህን ሲናገሩ ኮፍያቸውን ያወልቁ ነበር። ሙሀመድየሱፍ ሲመሰገኑ ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። ባለቤታቸው እሜት ሀቢባም ዝም ይላሉ። በየመንገዱ ሁሉ ባላቸውን አይለዩም ነበር። ሻሻቸውን አስረው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ የብር ቀለበታቸውን አጥልቀው ከግራ ወንበር ይቀመጣሉ፣ ፊት ለፊት ያያሉ፣ ከንፈራቸው አይላቀቅም። ኋላ የተሳፈረ ሰው ዚክር እያደረጉ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ፈርተው ነው ይላል።

አብዮቱ ሊፈነዳ ሲል ሙሀመድየሱፍ በድንገተኛ ሕመም ሞቱ። ሞሪሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማንጎው ሥር አልተነሣችም። እሜት ሀቢባም እንደዚያው ሆኑ። መንገዱን ከሚያይ መስኮት ሥር መደብ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ለቅሶ ካልሆነ ከግቢ አይወጡም። ከባድ መኪና እያጓራ ባለፈ ቁጥር ቀለበታቸው የመስኮቱን እንጨት ኳ ያደርጋል። ጥቂት ቆይቶ ኳ ኳ። ሙሀመድዘይን ይህን የእርጅና አመል ነው ብሎ ትቶታል። ማን ሌላ ነገር ያስባል!

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሲል ከተማዋ ታጥባ ልትቀርብ ነው ተባለና አጥሩ ሁሉ ቀለም ተቀባ፣ ጉድጓዱ ሁሉ ተደፈነ። ቀበሌውም በየግቢው የቆመ የማይነዳ መኪና ለብረታ ብረት ይሰብሰብ ብሎ ወሰነ። ሰዎቹ መጥተው ሞሪሷን ዞረው ዞረው አዩዋት፤ ዶሮዋ ጮኸችባቸው። ሲወጡ እሜት ሀቢባ ከመስኮታቸው ሆነው ልጃቸውን ጠሩት።

“ዘይኑ፣ እሷ በገመድ ስትጎተት ከማይ አላህ ቀድሞ ይውሰደኝ” አሉት።

እናቱ እንዲህ ያለ ነገር ተናግረው አያውቁም። ልጁ ደነገጠ። በማግሥቱ መኪና ወደሚመረመርበት መሥሪያ ቤት ሄዶ ደሞዝ የሚባለውን መርማሪ አነጋገረ። ደሞዝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም የሚል፣ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ የሚጨብጥ ሰው ነው። ያለውም ግልጽ ነበር። መኪናዋ ትጠገን፤ ተጠግና ብትመጣ ግን መሪዋ በቀኝ ስለሆነ፣ ከከተማ ወጥተህ ከባድ መኪና በሰላም ስትቀድም እኔ ኋላ ተቀምጬ ማየት አለብኝ። ያን ካሳየህ ቦሎዋን ትለጥፋለህ፤ ካላሳየህ ሰሌዳዋን ፈትቼ ለቀበሌው አስረክባለሁ።

ሙሀመድዘይን ሥራውን የጀመረው ዶሮዋን በማፈናቀል ነው፤ የጥፍሯና የቁጣዋ ምልክት ክንዱ ላይ ለብዙ ጊዜ ቆይቶበታል። ቀጥሎ ሌላ ጣጣ መጣ። የጀልባ ሞተር የሚፈታበት ቁልፍ ሁሉ የሞሪሷን ብሎን አልይዝ አለ፤ አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ይሰፋል። የእንግሊዝ ብሎን የሚለካው በእንግሊዝ ልክ ነው ለካ። ሲያማርር እናቱ ሰሙት። ገብተው ሣጥናቸውን ከፈቱ፣ ከቀሚሶቻቸው ሥር በሸራ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡት። ሲፈታው የአባቱ ቁልፎች ናቸው፣ ዘይት ተቀብተው፣ እንደ ማንኪያ እየተወለወሉ የኖሩ። ከእናቱ ልብስ ሥር የሞተር ዘይት ሸተተው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ያለውን ድካም ለሠራው ሰው ልተወው። ሞተሯ ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ ነበር። ከሞተሯ ክዳን ሥር የሚገባው ስስ ማሸጊያ በስብሶ ስለተገኘ፣ አሮጌ የመዳብ ትሪ በእሳት አለስልሶ በመቀስ ቀድዶ አዲስ አወጣ። የፍሬኗን ጎማ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ምናለሽ ተራ ድረስ ሰው ልኮ አስመጣ። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ለጀልባው ከተሰጠው ሳይሆን ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ተለማምጠው ካገኙት ነበር የቀዱላት።

የምትነሣበት ቀን ሰፈሩ አጥር ላይ ተንጠለጠለ። ሙሀመድዘይን ማኒቬላውን ከአፍንጫዋ ሥር አስገብቶ፣ ቢስሚላህ ብሎ ጠመዘዘ። ምንም የለም። ደግሞ ጠመዘዘ። አንዴ አስነጠሰች፣ ከጭስ ማውጫዋ የማንጎ ቅጠል ተፍታ ዝም አለች። ሦስተኛው ላይ ግን ከሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ተነሣ፤ መጀመሪያ እየተንገዳገደ፣ ቀጥሎ እየተስተካከለ፣ ኋላም ረጋ ብሎ ይመታ ጀመር። ቱክ ቱክ ቱክ ቱክ። ሙሀመድዘይን በልጅነቱ ኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ ይሰማው የነበረው ድምፅ ነው፣ አንድም አልተለወጠ። እንዲህ ያለ ነገር ከዝገት ውስጥ ይነሣል ብሎ ማን አስቦ! ሱብሀነላህ አለ፤ እጁን ኮፈኗ ላይ አድርጎ ንዝረቱን እየሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቀና ሲል እናቱ በመስኮቱ ቆመው አያቸው። ቆመው።

ልቡ ሞላ። እናቴን ግራ ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው ከግቢ የምወጣው ብሎ ቆረጠ። ለሳቸው የምትቀርብ ሙሽራ ትምሰል ብሎ ውጭውንም ውስጡንም አረንጓዴ ቀለም ይቀባት ጀመር። ከግራ ወንበር ፊት ለፊት ዕቃ መያዣ ሣጥን አለች፤ የሣጥኗ ክዳን ቆርቆሮ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቀለሟ የለቀቀ ቦታ አገኘ፤ ነጥታለች፣ ጥቂትም ገባ ብላለች። ዝገት ሊጀምራት ነው ብሎ በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ፣ ጎድጓዳዋን ሞልቶ፣ ሁለት እጅ ቀለም ደረበባት። ሲጨርስ ክዳኑ መስተዋት ሆነ። ኮራ!

ጁምዓ ከሰዓት በኋላ እናቱን ጠራ። እሜት ሀቢባ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ወጡ፤ ያየ ሁሉ ማሻ አላህ አለ። በሩን ከፍቶ በግራ ወንበር አስቀመጣቸው። እሳቸውም ተደላደሉ፣ ፊት ለፊት አዩ፣ እጃቸውን ዘርግተው ክዳኑን ዳሰሱ። ዳሰሱ። ጣታቸው ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ታች ወረደ፣ ተመልሶ እዚያው መጣ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲጠቁር ልጁ አየ፤ ምን እንዳጠፋ ግን አልገባውም።

“ይቺ የኔ መኪና አይደለችም” አሉና ወርደው ገቡ።

ለምን ቢላቸው፣ ምን ሆንሽብኝ ቢላቸው ጀርባቸውን ሰጥተውት ከመስኮታቸው ተቀመጡ። ሙሀመድዘይን ቅር አለው፣ ተናደደም። የፈተናው ቀን ደግሞ እየደረሰ ነው። እንግዲያው ሌላ ሰው በግራ ተቀምጦ መንገዱን ይይልኝ ብሎ ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስን ለመነ። እሳቸው ለዚህ ነው የተወለዱት፤ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ አባትህ በልቡናቸው ያዩትን እኔ በዐይኔ ባሳይህ ምን ይለኛል ብለው ገቡ።

ከዓባይ ማዶ አልፈው ወደ ዘንዘልማ እንዳሉ አንድ ከባድ መኪና ደረሱበት። ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ አንገታቸውን አውጥተው አዩ። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሁሉ ከፍ ብለው የተቀመጡ ናቸው፤ ከሞሪሷ ወንበር ግን ዓለም ሌላ ነው፣ ከጉልበት በላይ አይታይም። እለፍ አሉ። ሙሀመድዘይን ሲወጣ ቆይ አሉ። ሲመለስ ደግሞ እለፍ ብዬህ የለም እንዴ ብለው ጮኹ። ከአቧራው ውስጥ አንድ ሌላ ከባድ መኪና ክላክሱን እያንባረቀ ብቅ ሲል፣ ሙሀመድዘይን መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ ሞሪሷን የጤፍ ማሳ ውስጥ ዶላት። ሰውም መኪናም ተረፈ፣ ጤፉ ብቻ ተጎዳ። ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ግቢው በር ላይ ሲወርዱ፣ አባትህ ሰው አልነበሩም፣ ከዚህ ወንበርም ከዚያኛውም ሰው አያይም አሉ።

በዚያው ዕለት፣ ከዐስር ሰላት በፊት፣ ፀሐዩ ማንጎው ላይ እንዳለ፣ ሙሀመድዘይን በሩን ከፍቶ ግራ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ተስፋ ቆርጧል። ከነገ ወዲያ ደሞዝ ሰሌዳዋን ይፈታል፣ እናቱ በመስኮቱ ሆነው ስትጎተት ያያሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማሰብ ፈራ። እጁ ዝም ብሎ ክዳኑን ይደባብስ ነበር። ያቺን ባቄላ የምታህል ቦታ አስታወሳት። ዝገት እኮ አልነበረባትም። ሌላው የመኪናዋ አካል ሁሉ ዝጎ እሷ ብቻ ነጥታ ነበር፣ እንደ በር መክፈቻ፣ እንደ ደረጃ ጠርዝ፣ ሰው ሁልጊዜ እንደሚነካው ነገር።

ያኔ ከባድ መኪና እያጓራ በመንገዱ መጣ። ከመስኮቱ ኳ የሚል ድምፅ ሰማ። ከባዱ መኪና አጥሩን አልፎ ሄደ። አንድ ብስክሌት ተከተለው፣ አለፈ። መንገዱ ባዶ ሆነ። ኳ ኳ።

ሙሀመድዘይን ከወንበሩ ቀና አለ። ሌላ ከባድ መኪና እስኪመጣ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። መጣ። ኳ። ከኋላው አህያ ጭነው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ እስኪያልፉ ዝም። ሲያልፉ ኳ ኳ። ለዓመታት ሲሰማው የኖረው ነገር ነው እኮ! አባቱ ሞተው፣ መኪናዋ ዶሮ ቤት ሆና፣ እናቱ እዚያች መስኮት ሥር ተቀምጠው ዕለት ዕለት ይህን ሲያደርጉ የነበረው ለማን ነው?

ገብቶ እግራቸው ሥር ተቀመጠ። ጣቱን በመስኮቱ እንጨት ላይ አንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ አንኳኳ። እንጨቱም እንደ ክዳኑ ባቄላ የምታህል ጎድጓዳ አውጥቶ ነበር። እሜት ሀቢባ ወደ እሱ ዞሩ።

“አባትህ መንዳት ያውቁ ነበር” አሉ። “መንገዱ ግን አይታያቸውም። ከዚያ ወንበር ለማንም አይታይም። መንገዱን ያየሁላቸው እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ሳንኳኳ ይቆያሉ፣ ሁለት ጊዜ ሳንኳኳ ያልፋሉ። አንድ ቀን እንኳ ‘እርግጠኛ ነሽ ወይ’ ብለውኝ አያውቁም።”

ለምን በአፍሽ አልነገርሻቸውም ቢላቸው እንደ ሞኝ ነው ያዩት። ኋላ የሚቀመጠው ዕቃውን በእምነት የሚሰጥ ነጋዴ ነው፤ በሰው ፊት ባሌን ቁም ሂድ ልበላቸው? የሚነዱት በሚስታቸው ነው ቢባል ገበያው ውስጥ ስማቸው ምን ሊሆን? ቀለበት ግን ቀለበት ነው፤ ማን ልብ ይለዋል። እየሳቁ ተናገሩና መሀል ላይ ሳቁ ጠፋ። ሰው ሁሉ በለቅሶው ስለ ዐይናቸው ሲያወራ፣ አብራ ትቀመጥ የነበረች ሴት እያለ ሲያጽናናኝ፣ ስማቸውን ይዤ ልሙት ብዬ ዝም አልሁ አሉት። ያቺ ነጭ ቦታ ነበረች የቀረችኝ፤ ደንበኛ አድርገህ ቀባሃት።

ሙሀመድዘይን የእናቱን ጉልበት ስሞ ተነሣና የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ወደ መኪናዋ ሊሮጥ ሲል ጠሩት።

“ተወው፣ ቀለበቱ ያወጣዋል” አሉት።

በማግሥቱ ሊለማመዱ ወጡ። ዘንባባ በተሰለፈበት መንገድ፣ ሐይቁን በጎን ይዘው ቀስ ብለው ነዱ። ብስክሌቱ፣ ጋሪው፣ እግረኛው ሁሉ ዞሮ ያያል፤ ሰውን ያስደነቀው መኪናዋ አይደለችም፤ ነጂ በሚቀመጥበት በኩል አንዲት የተከበሩ እመቤት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። አንድ ሸንኮራ ሻጭ ሸንኮራውን ጥሎ በስመ አብ ብሎ አማተበ። ሲታጠፉ ደግሞ ከበሯ ጎን የጣት ያህል መብራት ብቅ ብላ አቅጣጫውን ስታሳይ ሰው ይበልጥ ጉድ አለ። እሜት ሀቢባ ከንፈራቸውን ገጥመዋል፣ ዐይናቸው ግን ይስቅ ነበር። መርፌ ማስገባት ካቃታቸው ቆይቷል፤ ሩቁን ግን ጣና ላይ የሚሄደውን ታንኳ ቀዛፊውን ለይተው ያያሉ። ሙሀመድዘይን ደግሞ መሪውን ይዞ፣ ያ ትንሽ ሞተር በእግሩ ሥር እየዘመረ፣ ነፋሱ በመስኮቱ የሐይቅ ሽታ እያመጣ፣ ለካ አባቴ ይህን ነበር የሚወዱት አለ በልቡ። ጀልባ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ በእጁ ያነሣው ነገር እንዲህ ይዞት ሲሄድ ያን ቀን ነው ያየው።

የፈተናው ዕለት ደሞዝ ኋላ ተቀመጠ። እሜት ሀቢባን ከፊት ሲያይ፣ እናትህን ለምን ታንገላታለህ አለ። ሙሀመድዘይን መንገድ ሊያዩ ፈልገው ነው አለ፤ ውሸትም አልነበረም። የዓባይን ድልድይ የሚጠብቁት ወታደሮች እያዩዋቸው ተሻገሩ፣ ዓባይ ማዶን አለፉ፣ ዘንዘልማን፣ ያንን የጤፍ ማሳም አለፉ። ከዚያ ወዲያ የእርዳታ እህል የጫኑ ከባድ መኪናዎች ተከታትለው ሲሄዱ ደረሱባቸው። መንገዱ ጠጠር ነው፤ አቧራው ግድግዳ ሆኖ ቆሟል። ከሙሀመድዘይን ፊት የሚታይ ነገር አልነበረም።

ኳ አለ ቀለበቱ። ቆየ። አቧራው ሳሳ አለና መንገዱ ነጻ መሰለው፤ እግሩ ነዳጁን ሊረግጥ ፈለገ። ኳ፣ ጠንከር ብሎ። ያዘ። ወዲያው አንድ አውቶቡስ ከአቧራው ተወርውሮ ወጥቶ በጎናቸው ሲያልፍ ሞሪሷ ተንቀጠቀጠች። ደሞዝ ኋላ ሆኖ የማርያም ያለህ አለ። ሙሀመድዘይን መሪውን አጥብቆ ያዘ። ቀለበቱ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ፤ እናቴ ፈርታ ይሆን፣ ዐይኗ ደክሞ ይሆን እያለ ልቡ ሊወጣ ደረሰ።

ኳ ኳ።

እርግጠኛ ነሽ ወይ ሊል አፉን ከፈተና፣ አባቱ አንድ ቀን እንኳ ያላሉት ቃል መሆኑ ትዝ አለው። አፉን ገጠመ። ወጣ። ምንም አይታየውም፤ እናቱ ያዩለትን መንገድ አምኖ ነዳጁን ረገጠ። የመጀመሪያው ከባድ መኪና ጎማ በመስኮቱ አለፈ፣ ሁለተኛው መኪና አለፈ፣ ኳ ኳ፣ አሁንም ሂድ ነው፣ ሦስተኛው አለፈ፣ የመጨረሻውም አለፈ። አቧራው በአንድ ጊዜ ተቀደደና ብርሃን ሆነ። ከፊታቸው መንገዱ ባዶ ነው፤ በግራ በኩል፣ ከእናቱ ትከሻ ማዶ፣ ጣና ሰማዩን ይዞ ተንጣልሎ ተኝቷል። የእናቱ አንዲት ነጭ ፀጉር ከሻሻቸው አምልጣ በነፋስ ትጫወታለች። ሙሀመድዘይን ያንን ሐይቅ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቶት አያውቅም። በዚያች ቅጽበት ከሐይቁ ይልቅ አጠገቡ የተቀመጡት ሴት ገዘፉበት። ለዓመታት ሰውንም ዕቃንም ባልንም በአንድ ቀለበት አሳልፈው፣ እንደ ተሳፋሪ ተቆጥረው ዝም ያሉ!

ደሞዝ እፎይ ብሎ የሙሀመድዘይንን ትከሻ መታ። የሙሀመድየሱፍ ልጅ መሆንህ ያስታውቃል፣ ያ የሚወራለት ዐይናቸው ላንተ ተላልፏል አለው፤ ቦሎውም ነገ ይሰጥሃል አለ። መኪናዋ ተረፈች። ሙሀመድዘይን ደስ ብሎት እውነቱን ሊናገር ወደ ኋላ ዞር ሲል ቀለበቱ አንድ ጊዜ ኳ አለ። ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

ደሞዝን ከመሥሪያ ቤቱ አውርደው ሲመለሱ ሰፈሩ በር ላይ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል፤ ሁሉም የሚያወራው ያንኑ የአባትን ዐይን ነው። ፊተኛው ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እኔ አላልሁም ወይ፣ የአባት ዐይን ለልጅ ይተላለፋል አላልሁም ወይ እያሉ ለመጣው ለሄደው ይሰብካሉ። ሙሀመድዘይን ሞተሩን አላጠፋም። መሪውን እንደያዘ፣ ወደ እናቱ ሳይዞር ጠበቀ። እሜት ሀቢባ ፊት ለፊት እያዩ ነው፤ የተሰበሰበውን ሰው፣ የማንጎውን ዛፍ፣ ያቺን መስኮት። ሞሪሷ ቱክ ቱክ ትላለች።

ኳ ኳ።

“ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ” አለ ሙሀመድዘይን በመስኮቱ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “ከዚህ ወንበር ለአባቴም ለእኔም ምንም አይታይም። ያኔም ዛሬም መንገዱን ያየችው እናቴ ናት። በቀለበቷ ነበር የምትነግራቸው።”

ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። በዚያች ወንበር ተቀምጠው አይተዋታልና ከሌላው ይልቅ የገባቸው እሳቸው ናቸው። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መኪናዋን ዞሩ፣ የግራውን በር ራሳቸው ከፈቱ፣ ጎንበስ አሉ።

“እሜት ሀቢባ፣ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ሲያልፉኝ የኖሩት እርስዎ ነዎት” አሉ።

እሜት ሀቢባ ነጠላቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ወረዱና ቀና ብለው አዩዋቸው።

“እርስዎም መሀል መንገድ ይወዱ ነበር፤ ስንት ጊዜ አቧራ አስጠጡን” አሉ።

ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ፤ ጋሼ ተክለ ጊዮርጊስ ራሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሙሀመድዘይን ሞተሩን አጥፍቶ ሊወርድ ሲል ክዳኑን አየ። አረንጓዴው ቀለም ተሰንጥቆ ባቄላ የምታህል ቅርፊት ወንበሩ ላይ ወድቃለች። አንሥቶ ኪሱ ከተታትና ገብስማዋ ዶሮ እንዳትገባ በሩን ዘጋ።